የቀድሞ ስሟ መሳቢያ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የእናንተ ፈንታ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ቦታው ንፋስ መውጫ፣ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል።

ጨለማ ነበር ብዬ አላመካኝም። ፀሐይ በመስኮቱ ይገባ ነበር።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ወር፣ የታካሚዎችን ካርድ ከእንጨት መሳቢያ ወደ ኮምፒውተር የሚያዛውር ፕሮግራም ሠራሁ። ኮምፒውተሩ ከታካሚው ስም ቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩም ካርዱ በየትኛው የውስጥ መሳቢያ እንደሚቀመጥ ይነግረዋል። ሃሽ ይባላል። ሁለት ካርዶች የአንድ ሰው ናቸው የሚባለውም ስማቸው እኩል ሲሆን እንዲሆን ወሰንኩ።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አያሌው ሳቁብኝ።

«በካርድ ቁጥር አድርጊው እንጂ የኔ ልጅ! እዚህ አገር ምራት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ስም እንደ ቀሚስ ይቀየራል።»

«ሰው ቁጥር አይደለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኮርቼ ነበር...

በዚያ ማክሰኞ ታላቅ እህቴ የትናየት ከስማዳ መጣች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጠዋት ጀምሮ እየደማች ነበር። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላዋን ተከናንባ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች።

«ስሜን አስተካክይልኝ» አለችኝ። «አማቴ ውባለም ብላኛለች። በድሮው ስትጠሩኝ ትቆጣለች።»

አስተካከልኩ። ስሟን ብቻ።

አዋላጇ ሰዒዳ በበሩ ብቅ አለች። «ወደ ሆስፒታል ልንልካት ነው። የደም ዓይነቷ ካርዷ ላይ ነው፤ ቶሎ በይ!»

ውባለም ይስማው ብዬ ፈለግሁ።

አልተገኘችም።

የትናየት ይስማው...

አልተገኘችም።

ያኔ ገባኝ። ስሟን ስቀይር ካርዷ ከነበረበት የውስጥ መሳቢያ አልተነሳም። አዲሱ ስም ኮምፒውተሩን የሚወስደው እሷ ወደሌለችበት መሳቢያ ነው። የድሮው ስም ወዳለችበት ይወስደዋል፤ ግን እዚያ ያለችው አሁን ሌላ ስም ይዛለች። ስሞቹ እኩል አይደሉም ብሎ ይመለሳል።

ጠቅላላ ታካሚ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ይላል። እሷም ተቆጥራለች። አለች... ግን አትገኝም።

«ያቺ ነፍሰ ጡር የት ሄደች?» ሰዒዳ ከኮሪደሩ ጮኸች።

ወጣሁ። እህቴ አግዳሚው ላይ ናት። ሰዒዳ አጠገቧ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች።

«ሰዒዳ... ከፊትሽ እኮ ናት።»

«ማን?»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ለምን አትጠራኝም?» አለች በሹክሹክታ።

ሮጬ ተመለስኩ። ሁሉንም በካርድ ቁጥር እንደገና መደልደል ጀመርኩ። አንድ መቶ... ሁለት መቶ...

መብራት ጠፋ።

ኮሪደሩን አየሁ። አግዳሚው ባዶ ነው። እንጨቱ ላይ ትንሽ ደም ብቻ።

«ጋሼ...» አልኩ።

ጋሽ አያሌው የሚያዩት ግድግዳውን የተደገፉትን የድሮ የእንጨት መሳቢያዎች ነበር። ራሳቸው ካርዶቹን አውጥተው ባዶ ካደረጓቸው ሦስት ሳምንት ሆኗል።

አንዱ መሳቢያ ከውስጥ ይቧጨር ነበር።

ቀስ... ቀስ...

«አትክፈቺው፣ ልጄ» አሉ።

«የ» የሚል ፊደል የተለጠፈበትን ሳብኩ። ጥልቀቱ ክንድ አይሞላም።

ከጥጉ የነጠላ ጫፍ ወጥቷል። አረንጓዴ ጥለት... እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ።

ጎተትኩት።

ከውስጥ ተጎተተ።