ሁለት አረንጓዴ መብራት

ጋቭሪላ በሩማንያዋ የከሰል ከተማ በፔትሮሻኒ ባለው አፓርታማው፣ ወጥ ቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የከሰል ጭስ መርዝ ሲደርስባቸው የሚጮኹ ሁለት ጠቋሚ መሣሪያዎች ተሰቅለዋል። ሁለቱም አረንጓዴ ያበራሉ፤ ሁለቱም አልጮኹም።

የፖሊስ ኮሚሳር ሩክሳንድራ መስኮቱን ከፍታ ምድጃውን መረመረች። የጭስ መውጫውን ከጣሪያ የተናደ በረዶ በአንዴ ደፍኖታል። ይህ የእግዜር ሥራ ነው። የመሣሪያዎቹ ዝምታ ግን የሰው ነው።

«ለምን ሁለት ሰቀለ?» ስትል የሟቹን ልጅ ኢሊንካን ጠየቀቻት።

«ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ‹ጉድጓድ በአንድ ፋኖስ አይወረድም› ይል ነበር። አንዱን እኔ ከምሠራበት ድርጅት አመጣሁለት፤ ሌላውን ከተፎካካሪያችን ገዛ። ‹ያንቺ ቢያንቀላፋ የነሱ ይቀሰቅሰኛል› ብሎ ሳቀብኝ።»

አብሯት የመጣው የድርጅቱ ባለቤት ሆሪያ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። «ዶሩን ያዙት፤ ፕሮግራመሬ ነበር። ካባረርኩት ወዲህ ቂም ይዞብኛል።»

ጺሙን ያልተላጨው ዶሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «አንተን ልጎዳ ብዬ ጋቭሪላን? ሾርባውን ሲያካፍለኝ የኖረን ሰው? ምን ነካህ አለቃ!»

ኮሚሳሯ ሁሉንም ወደ ኮሪደር አስወጣች። ፍም በሳህን ይዛ መሣሪያዎቹን ከሩቅ ቀስ እያለች ተጠጋቻቸው። ሁለቱም ጮኹ። አየሩ እስኪጠራ ቆየችና ፍሙን በአንዴ አፋቸው ላይ ደቀነችው። ዝም። ሁለቱም ዝም።

ሦስቱን መልሳ ጠራቻቸው።

«ሁለት ድርጅት፣ ሁለት ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት ድንዛዜ። የአንዱን ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ከፍቶ ሊነካ አይችልም። ስለዚህ ውስጣቸው የጋራ ነገር አለ። ምንድን ነው?»

ዶሩ ግድግዳውን ታክኮ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «የኔ ኮድ ነው። የጋዙን ቁጥር የሚያነብ ትንሽ ኮድ። በነፃ ለቀቅኩት፤ መሣሪያ ሠሪው ሁሉ ወሰደው።»

«በቅርቡ ምን ቀየርክበት?»

«ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ እንደ ብልሽት ቆጥሮ እንዲተወው። በከንቱ እየጮኸ ደንበኛ አስመረረብን ብሎ የለመነኝ ማን ሆነና?» ሆሪያን አየው።

«ካባረሩት በኋላ ለመኑት?» አለች ኮሚሳሯ።

«ኮዱን ሌላ ማን ያውቀዋል?» አለ ሆሪያ። «ከባዶ እንጻፍ ብንል እስከዛሬ አንድ መሣሪያ ባልሸጥን!»

«ሲሠራ የሁላችሁ፣ ሲበላሽ የኔ ብቻ» አለ ዶሩ።

«ለውጡን ተቀብሎ በኢንተርኔት በየቤቱ ወዳሉት መሣሪያዎች የላከውስ ማን ነው?» አለች ኮሚሳሯ።

ሆሪያ ወደ ኢሊንካ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች ኢሊንካ። «የዶሩ ስለሆነ አላነበብኩትም።»

«ተፎካካሪዎቻችሁም እንዳንቺው ሳያነቡ አሳለፉት። አባትሽ ሁለት ፋኖስ የያዘ መስሎት ነበር። የያዘው አንድ ነው።»

ኢሊንካ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማዶ ካሉት ጣሪያዎች ሁሉ ጭስ ይወጣል። በረዶው አላባራም።

«ኮዱን ወደ ድሮው መልሰው!» ብላ ዶሩ ላይ ጮኸች።

«አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። ግን ኢሊ፣ መሣሪያዎቹ የሚቀበሉት ነገ ነው።»

የአባቷን ከዘራ አንስታ ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጠች። የመጀመሪያውን በር ደበደበች። «መስኮት ክፈቱ! ምድጃውን አጥፉ!»

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «አይዞሽ ልጄ፣ አረንጓዴው በርቷል። ደኅና ነን።»

ከዘራውን እንደገና አነሳች።