ስልሳ አራተኛው መልስ

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እያባበለች ወደ መነጽር ቤቱ ምድር ቤት የሚያወርደውን አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ ወርዳ ስትጨርስ መጀመሪያ ያየችው መነጽሩን ነው።

ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል። ራሱ ከሌንስ መሞረጃው ማሽን የብረት እግር ሥር ነው። ግራ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ረግቷል፤ የኮቱ እጅጌ ከትከሻው ላይ ተተርትሯል። ቡናማው መነጽሩ ግን አፍንጫው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጭረት የለበትም፤ በጨርቅ ተወልውሎ አሁን የተደረገ ይመስላል።

«ራስ ቅላቸው ተሰብሮ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ክንዳቸውን ጨምድዶ የያዛቸው ሰው ነበር፤ የጣቱ ምልክት ይታያል። ወዲያው ግን አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሳቸው ቆይታለች።»

ኢንስፔክተሯ ባትሪዋን አብርታ ወለሉን ቃኘች። ተጠርጓል። ማሽኑ ሥር፣ መጥረጊያ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ የጥፍር ስባሪ የምታክል የሌንስ ፍንካች አገኘች። በፖስታ ከትታ ኪሷ አኖረቻት፤ ከዚያ የሟቹን መነጽር አውልቃ ወደ መብራቱ አቀናች። ሁለቱም ሌንሶች ሙሉ ናቸው።

ሟቹ መነጽር ሠሪ ነበር፤ በዚያች ጠባብ ሱቅ አርባ ዓመት ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን፣ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው የኢንተርኔት መፈለጊያ ከሱቁ ስም ሥር ‹በቋሚነት ተዘግቷል› ብሎ ይጽፍ ጀመር። በሩ ክፍት፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ! ደንበኛ መስኮቱ ድረስ ይመጣል፤ ስልኩን ያያል፤ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው መነጽር ቤት ይገባል። አንድ ቀን መነጽር ሠሪው በሩ ላይ ወጥቶ አንዲት ሴትዮን «ይኸው አለሁ እኮ!» ብሎ ቢጮህባት፣ እሱንም አየች፣ ስልኳንም አየች፤ «እዚህ ላይ ተዘግቷል ነው የሚለው» ብላው ሄደች። ሰፈሩ ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ሚስቱ ላይ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ዓይኑ በሚለካበት ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጠየቄ ግድ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ፎቶ ቤት ሄጄ ነበር። ጉርድ ፎቶ ልነሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ።»

«ተነሡ?»

«የት ተነሣሁ! ሰው ሞልቶታል። ተሰልፌ ተሰልፌ ሲሰለቸኝ ተመለስኩ። አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ወርጄ ሳየው...»

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

ሴትየዋ ወደ ማዶው መነጽር ቤት በአገጯ አመለከተች። «ሱቁን ያስዘጋው እሱ ነው ይል ነበር ባሌ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ማዶኛው፣ የማዶው መነጽር ቤት ባለቤት፣ በሟቹ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ የወጣ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ፖሊሶቹ በሰፈሩ ወሬ ተነሥተው ቀድመው ይዘውታል። ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«ጋሼ ጋ የሄድኩት ለዕርቅ ነው» አለ። «መስኮቴ ላይ ‹ማዶ ያለው ሱቅ ክፍት ነው፣ እዚያ ግቡ› ብዬ ልለጥፍ ብላቸው፣ ‹ራስህ ዘግተህ ራስህ ልትከፍትልኝ?› ብለው ጮኹብኝ። ሦስት ሰዓት ነበር። ወጥቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ።»

«ዘግተኸው ነበር?»

«አልዘጋሁም። እንዴት እንደሚዘጋም አላውቅ። ያ የስልክ መፈለጊያ ሰው አመጣልኝ፤ እውነት ነው። ግን ምን ብዬ ላመስግነው? ዛሬ የእሳቸውን በር ዘጋ፣ ነገ የኔን ይዘጋ ይሆናል። የማን ደጅ ሄጄ እጮሃለሁ? ደጅ አለው?»

ኢንስፔክተሯ ቡናማውን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰውየው አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄማ የድሮው ነው። ይሄን አያደርጉትም።»

«በምን አወቅህ?»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም አልነገርኩም። የጋሼ ዓይን ደክሟል። እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። አምና አዲሱን መነጽራቸውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጥቁሩን። ባለቤታቸው በድብቅ መጥተው ነው ያሠሩት፤ ‹ራሱ የሠራው ይመስለዋል፣ አደራ› አሉኝ። የድሮውን ምን አደረጋችሁት ብላቸው አልጋቸው አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ቡናማውን መነጽር መልሳ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

የሟቹ ብቸኛ ልጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ክሊኒክ ከሱቁ አምስት ደቂቃ አይርቅም። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ ክሊኒኩ ጓሮ ግንብ ተደግፋ ቆማ ነው ኢንስፔክተሯን ያነጋገረቻት።

«አባቴ የዚያን መፈለጊያ ስም ሲሰማ ያንገሸግሸው ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ ልረግመው አልችልም። ልጄ ሁለት ዓመቷ ሳለ እግሯ ላይ ሽፍታ ወጣባት። ሐኪሙ ሙቀት ነው ብሎ መለሰን። በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ ፈለግኩ፤ ሁለተኛው መልስ ላይ ትክክለኛውን በሽታ አገኘሁና ሮጬ ሆስፒታል አደረስኳት። ዛሬ ልጄ በሕይወት ያለችው በሱ ነው። ይሄን ለአባቴ እንዴት እነግረዋለሁ? ‹የኔን እንጀራ የዘጋው ያንቺን ልጅ አዳነ› ልበለው?»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። መርፌ ክፍል። ማንም አልጠራኝም» ብላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እማዬ እንኳ ፖሊስ ከመጣ በኋላ ነው የደወለችልኝ።»

የልጅቱ ሁለት ልብ መሆን ኢንስፔክተሯን ገባት። እሷ ራሷ ጉልበቷን ካመማት ሳምንት ሆኗታል፤ ለሐኪም ከማሳየቷ በፊት ለስልኳ ነግራዋለች፤ ስልኳም ሦስት በሽታ አሰልፎላታል። ትሰድበዋለች፣ መልሳ ትጠይቀዋለች።

ከሱቁ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ የጽሕፈት አገልግሎት አለ። ጸሐፊዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሳቂታ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«ለመፈለጊያው ድርጅት ስልሳ አራት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው» አለች። «‹ሱቄ ክፍት ነው፣ እኔም አልሞትኩም፣ ሰው ልካችሁ እዩኝ› እያሉ። የስልሳ ሦስቱ መልስ አንድ ነው፤ ‹ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን›። እውነቴን ነው የምልዎ፣ አንዳንዴ ሲያሳዝኑኝ እኔው ራሴ መልስ ፈጥሬ ላነብላቸው ያምረኝ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ስልሳ አራተኛው መልስ መጣ። እሱ የተለየ ነበር። ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀቱን ነጥቀውኝ ወጡ። አራት ሰዓት ሊሞላ ነበር።»

«ቅጂ አለሽ?»

ነበራት። ኢንስፔክተሯ ቆማ አነበበችው፤ አጣጥፋም ያዘችው። ከዚያ ጉልበቷ እያማት እስከ ፎቶ ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጸሐፊዋ የመነጽር ፍሬሞች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ቆመች። ማዶኛውን አንድ ፖሊስ አመጣውና በሩ አጠገብ አቆመው። ልጅቱ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«እሱን ልቀቀው» አለች ኢንስፔክተሯ ለፖሊሱ። «ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

«ሟቹ ወድቀው ቅንድባቸው ተሰንጥቋል። ያደረጉት መነጽር መሰበር ነበረበት፤ ተሰብሯልም። ፍንካቹ ማሽኑ ሥር ተገኝቷል። ታዲያ አስከሬኑ ላይ ያየነው ሙሉው መነጽር ከየት መጣ? የድሮው ነው፤ አልጋቸው አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ። ከወደቁ በኋላ ስብርባሪውን ጠርጎ፣ መኝታ ቤት ገብቶ፣ ወልውሎ ያደረገላቸው ሰው አለ። እንግዳ ገዳይ ይህን አያደርግም። ደግሞ ይሄ ሰው» ወደ ማዶኛው ዞረች፣ «መነጽሩ የድሮው መሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር።»

ውጭ መኪና አልፎ መስተዋቱ ተንዘረዘረ።

«ሁለተኛው ይሄ ነው። ትናንት ጠዋት ሟቹ ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛ መልስ አገኙ። ዋናው ወረቀት ከአስከሬኑም ከቤቱም አልተገኘም፤ አንድ ሰው ደብቆታል። ቅጂው ይኸው» ብላ አነበበች። «‹መዘጋቱን የመዘገብነው ወደ ሱቁ ስልክ ደውለን ባገኘነው ማረጋገጫ መሠረት ነው።› የሱቁን ስልክ ማን ነበር የሚያነሣው?»

«እማዬ» አለች ልጅቱ፣ ሳታስበው። አፏን በእጇ ከደነች።

«ሦስተኛው። እናቴ፣ ፎቶ ቤት ሰው ሞልቶት ተሰለፍኩ ብለውኛል። ፎቶ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶበት ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ‹አሁን ክፍት፣ ሰው ይበዛበታል› የሚለው መፈለጊያው ብቻ ነው። እርስዎ ፎቶ ቤቱን አላዩትም። ያዩት ስልክዎን ነው። እስኪ ይስጡኝ?»

ሴትየዋ አልተከራከረችም። ስልኩን ዘርግታ ሰጠቻት።

ኢንስፔክተሯ የፎቶ ቤቱን ፍለጋ አገኘች፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ። ልታሳያቸው ስልኩን አነሣች። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አየችና እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ይህን አልጠበቀችም ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ። «አንብቢው። ምንድን ነው?»

«አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «‹ሰው ወድቆ ራሱን ስቶ ሲያንኮራፋ›። አራት ከአሥራ ስድስት። ‹ራሱን የሳተ ሰው መቼ ይነቃል›። አራት ከሠላሳ አንድ። ‹የወደቀ ሰው እጁ ሲቀዘቅዝ›።»

ሚስቱ መናገር የጀመረችው ማንም ሳይጠይቃት ነው።

«የዛሬ ሁለት ዓመት የሱቁ ስልክ ጠራ። የሴት ድምፅ ነበረች፤ ለስላሳ። ‹ይህ ሱቅ በቋሚነት ተዘግቷል? አዎ ወይም አይደለም ይበሉ› አለችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ባሌ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር የቀኙን ሌንስ ግራ፣ የግራውን ቀኝ አድርጎ ገጥሞ ሰጥቶት፣ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ ሮጬ ነው ያስመለስኩት። ሰው ያስገድላል ብዬ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ዓይንህ ደክሟልና ተው ብዬ በአፌ ልነግረው አልደፈርኩም። ሰው መስላኝ ‹አዎ እህቴ› አልኳት። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።»

«ከዚያስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከዚያ እንዲህ ሲሆን ጊዜ ስንቴ ‹ክፍት ነው› ብዬ ለመፈለጊያው ጻፍኩለት! አላመነኝም። ያቺ ሴትም ተመልሳ አልደወለችም። ትናንት ወረቀቱን ይዞ መጣ። አልጮኸም። ‹ማዶ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት› አለ። ለሰው ሁሉ ሊነግር ነው። ኮቱን ያዝኩት፤ ተመናጨቀ። ደረጃው አፋፍ ላይ ነበርን። ለቀቅኩት ይሁን ገፋሁት እኔ እንጃ። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ አደርኩ። አላውቀውም።»

ማዶኛው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«መነጽሩስ?» አለች ጸሐፊዋ በሹክሹክታ።

«አርባ ዓመት ያለ መነጽር አይቼው አላውቅም። ሰው መጥቶ እንደዚያ እንዲያየው አልፈለግኩም።»

ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እናቷ ፊት ቆመች።

«አምስት ደቂቃ ነበር ርቀቴ። ነርስ ነኝ እኮ፣ እማዬ። አባቴ ግማሽ ሰዓት ሲተነፍስ... ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

እናት ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ እንዴት ወደቀ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ» አለች። «ስልኩ ግን መልሶ አይጠይቅም።»

ኢንስፔክተሯ ስንት ጉዳይ ፈትታ፣ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ አስጨንቃ ያናዘዘች ሴት፣ ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች። ያችን ለስላሳ ድምፅ ለምስክርነት ብትጠራት በየት በኩል ትመጣለች? መጥሪያው ለማን ይጻፋል? ክሱ ላይ የሚሰፍረው የአንዲት ሴት ስም ብቻ ነው፤ እሱም ይሰፍራል፣ ሌላ መንገድ የለም።

«እንሂድ፣ እናቴ» አለች በመጨረሻ።

ሴትየዋ ለመነሣት ስትሞክር የግራ ጫማዋ ክር ተፈትቶ ነበር። ጎንበስ አለች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ሁለቴ ሞክራ ተወችው። ልጅቱ ቆማ አየቻት። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የእናቷን ፊት ሳታይ፣ ክሩን አጥብቃ አሰረችላትና መንገዱን ለቀቀችላት።