ጥርት ያለው ቅጂ

«ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?»

ሞላን ይህን ጥያቄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠየቁት። ለአንዷ ሲመልስ ልቡን ሰጠ። ለሌላው የመለሰው ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ ነው። ሞላ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በቀበሌው አዳራሽ ያሉትን ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ዴክና ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረድና የከተማው ወጣት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ምን ዓይነት ፊልም ቢመጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንዱን ነበር፤ የወፍጮ ቤቱን ፊልም። ሰዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ የሚያውቅ አልነበረም። ታሪኩም ቋንቋ አይፈልግም፤ ያረጀ ወፍጮ ቤት አለ፣ ውስጡ ጋኔን አለ፣ የገባ አይወጣም።

የዓለምዘርፍ የመርጌታ ወልደሩፋኤል ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ጊዜ፣ የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ቀበሌው ማስታወቂያ ጻፊ አደረጋት። አባቷ ልጃቸው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ይመስላቸው ነበር። እሷም እንዲመስላቸው ትታቸዋለች።

የወፍጮ ቤቱ ፊልም ሁለተኛ ካሴት ከአሰብ የመጣ ዕለት፣ ብዕሯን ይዛ ሞላ ፊት ቆመች።

«ይኸ ያው ያለፈው ፊልም አይደል እንዴ? ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ፊልሙ ያው ነው። ምስሉ ግን ያው አይደለም።»

«ኧረ በላ! ሰው ለምስል ብሎ አንዱን ታሪክ ሁለቴ ያያል?»

«ቁጭ በይና ፍረጂ» አላት።

ፊት የነበራቸው ካሴት ከደሴ የመጣ ነው፤ የቅጂ ቅጂ። የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ከሥር ነጭ መስመር ይንቀጠቀጣል። የአሰቡ ቀለሙ ደህና ሆኖ፣ ግርጌው በዐረብኛ ጽሑፍ ተሸፍኗል፤ ሲጨልምም ጭራሽ አይታይም። ዴኩ አንድ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አይቻልም። አንዱን አይቶ በልብ መያዝ፣ ከዚያ ሌላውን መክተት ነው። ሞላ በዚህ ሲቸገር አይታ የዓለምዘርፍ ሳቀችበት።

«አባባ ሁለት ዳዊት ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ? ተማሪው አንዱን ያነባል፣ እሳቸው ሌላውን በዐይናቸው ይከተላሉ። የሚለያይበት ቦታ ሲደርሱ ‹እንዲህም ይላል አብነት› ብለው የሌላውን ቅጂ ንባብ ይጽፉታል። እንደሱ እናድርግ።»

ደብተር አወጣች። የደሴውን እያንዳንዱን ትዕይንት ጻፈች። በማግሥቱ የአሰቡን ከፍተው፣ እሷ ከደብተሩ እያነበበች እሱ ከቴሌቪዥኑ ይመልሳል።

«ጋኔኑ በሩ ላይ ሲቆም፣ የደሴው፤ ፊቱ ጥቁር ነው፣ አይለይም።»

«የአሰቡ፣ ግማሽ ፊቱ ይታያል። አገጩን ጽሑፉ በልቶታል።»

«ይላል አብነት» ትልና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

እንዲህ እያሉ ብዙ ከሰዓት በኋላዎች አለፉ። ሞላ ምስሉን ባቆመው ቁጥር ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ያርፋል፤ እሷም እንደምትታይ ታውቃለች፣ ዐይኗን ከደብተሩ አታነሳም። ጄኔሬተሩ ውጭ ይጮሃል። ምስሉ ለምን እንደቆመ ሁለቱም አይጠይቁም።

የካቲት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሦስተኛውን ካሴት አመጣ። ይኸኛው ኦሪጅናል ነበር። የውሃው ጠብታ ይቆጠራል፣ የወፍጮው እንጨት ስንጥቁ ይታያል። ጋኔኑ በሩ ላይ ሲቆም ሞላ ምስሉን አቆመና ሁለቱም ጠጋ አሉ። ፊቱ ጭምብል ነበር። ከጆሮው ኋላ የታሰረበት ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የዓለምዘርፍ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወንድሜ አካሉ እኮ! ዲያቆን ሆኖ ተደብቆ የደሴውን አይቶ፣ እውነተኛ ጋኔን ነው ብሎ ሲምልልኝ የከረመ! አሁን ክር ነው ብዬ ብነግረው በዐይኑ ካላየ አያምነኝም።» ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጠየቀችው። «ለመሆኑ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?»

«ለመፍራት የደሴው። ለማየት ይኸኛው።»

«ለአንተስ?»

«ለእኔ ካንቺ ጋር ያየሁት ሁሉ።»

ያለውን ሰምቶ እሱ ራሱ ደነገጠ። እሷ ደብተሩን ዘጋች። ይሄኔ ተነሥታ ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ አልተነሣችም።

አካሉ ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ስም እየተጻፈ ነው ሲባል፣ ከላላ ወረዳ፣ አክስቱ በለጥሻቸው ዘንድ ሄዶ ተቀምጧል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የቀበሌው ሊቀመንበር አራጌ አዳራሽ መጣ። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው።

«ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ሰው የሚጠራው የቱ ነው?»

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። ሞላ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አለቃ ኖሮ ስለማያውቅ ደስ አለው። የደሴውን አረንጓዴ፣ የአሰቡን ጽሑፍ፣ የኦሪጅናሉን ክር ሳይቀር ዘርዝሮ አስረዳ። ጥርት ያለው ቅጂ መምጣቱ ቢነገር የወግዲ ልጅ እንኳ በእግሩ ይመጣል አለ።

«እንግዲያው ቅዳሜ እሱን አሳይ» አለ አራጌ። «ልጅቱ በትልቁ ትጻፈው። አንተ ደግሞ ፊልሙ ሲጀመር የጓሮውን በር በውጭ ትቆልፋለህ። የውትድርና ኮታችን ጎድሏል። ያንተም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አዳራሹ ከሞላ እሰርዘዋለሁ።»

ሞላ «እሺ» አላለም፤ «አይሆንም»ም አላለም። ለአራጌ ይህ በቃው። ሞላ ኋላ ብቻውን ሲሆን ራሱን አጽናና። እኔ ባልቆልፍ ሌላ ይቆልፋል፤ ደግሞም አካሉ ከላላ ነው፤ ከእሷ ቤት የሚነካ የለም። በማግሥቱ የዓለምዘርፍ እንደ አባቷ መጻሕፍት በቀይና በጥቁር ቀለም «ጥርት ያለው ቅጂ መጥቷል» ብላ ስትጽፍ፣ ወረቀቱ እንዳይሸሽ ጠርዙን የያዘላት እሱ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ፊልሙ ሊጀመር ሲል ከሁሉ ኋላ አንድ አቧራ የለበሰ ልጅ ገባ። አካሉ ነበር።

«ወላሂ እግሬ አለቀ!» አለው እየሳቀ። «ዘርፌ በገበያተኛ ልካብኝ ነው፤ ክሩን ካላየህ ብላ።»

ሞላ አፉን ከፈተ። «ተመለስ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አራጌ ከበሩ ሥር ቆሞ ያየዋል። ሞላ አፉን ገጥሞ የጓሮውን በር ቆለፈ፤ ተመልሶም ፊልሙን ከፈተ።

ጋኔኑ ሲቆም አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አካሉ ከፊት አግዳሚ ወደ ሞላ ዞሮ «እውነትም ክር ነው!» ብሎ ጮኸ። የፊት በሩ የተበረገደው ያን ጊዜ ነው። የቀበሌው ታጣቂዎች ልጆቹን እያሰለፉ መኪና ላይ ሲጭኑ ፊልሙን የዘጋው ሰው አልነበረም።

የዓለምዘርፍ ሰኞ መጣች። ዐይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለችው። «ተደብቆ የተቀመጠውን ልጅ፣ ለጨዋታ ብዬ፣ በገዛ እጄ ጎትቼ አስበላሁት።»

«አብሽሪ» አላት ሞላ።

ለንስሐ አባቷ ተናገረች። እሳቸው ጥቂት ስግደት ቢሰጧት አይበቃኝም ብላ በቀን መቶ አስደረገች። ሞላ ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው አልተለየም፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ለመርጌታ ቀለም ይበጠብጣል። እሷ ጓዳ ስትሰግድ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ ይሰማዋል። ልቡ ይቆስላል፤ አፉ ግን አይከፈትም። ብነግራት ሸክሟ ይቀላል፣ እኔ ግን አጣታለሁ። ይህን ሒሳብ በየቀኑ ያሰላዋል፤ በየቀኑም ለራሱ ያደላል። ከአካሉ ደብዳቤ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ መርጌታ «የኔ ልጅ» ብለው ሲመርቁት መሬት መሬት ያያል።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ሐዘኑም አቀራረባቸው። ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ። ከቀኑ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የዓለምዘርፍ መንገድ ላይ ቆመች።

«ሽማግሌዎቹን አስቀርልኝ» አለች። «እወድሃለሁ፤ ታውቃለህ። ግን ወንድሟን ለጨዋታ የሸጠች ሴት እንዴት ትዳራለች?»

ሞላ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። ሁሉንም ነገራት፤ የአራጌን ጥያቄ፣ የስሙን መሰረዝ፣ ቁልፉን፣ አካሉ ሲገባ አፉን ከፍቶ መግጠሙን።

እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ያን ቀን ፈራህ። እኔም ብሆን እፈራ ይሆናል» አለችው። «ግን ስምንት ወር አጠገቤ ተቀምጠህ ስሰግድ ሰማኸኝ። እሱን ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?»

ጥቂት ተራምዳ ዞረች።

«ለአባባም በአፍህ ንገራቸው» ብላው ቀድማው ሄደች።

መርጌታ ወልደሩፋኤል ሰሙት። ቅስናም ስላላቸው መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። ግን ለጊዜው ቤቴ አትምጣ» አሉት። የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሞላ በቀጥታ አራጌ ዘንድ ሄደ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሜን ይመልሱት» አለው። ስም መመለስ የሚለምን ሰው አራጌ አይቶ አያውቅም፤ እየሳቀ ጻፈው።

ኅዳር ላይ ምልምሎቹ ሊጫኑ ሲሰለፉ፣ የመርጌታ ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ሁሉ እያያት፣ ሰልፉ መካከል ገባች።

«ልትፈልገው ነው የምትሄደው?»

«አዎ።»

«ካገኘኸው፣ ልካ ያስያዘችህ እሷ ናት በለው፤ እሷ ብቻ ናት እንዳትል ግን። ያንተንም ንገረው።» ወደ መኪናው አየች። «አንተን እጠብቃለሁ አልልህም ሞላ። የምጠብቀው እሱን ነው። አብራችሁ ከመጣችሁ በሩን እኔ እከፍታለሁ።»

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ሰኔ 1983፣ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደየቀዬው ጎረፈ። የዓለምዘርፍ አላገባችም። በየቀኑ የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ ውሃ እያጠጣች፣ አካሉን ታውቁታላችሁ ወይ ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻው ጮኸ። አጥሩ ሥር ፂሙ ያደገ፣ በምርኩዝ የቆመ ሰው አለ። ሞላ ነበር።

«በየጦር ክፍሉ ጠየቅሁ ዘርፌ» አላት። «በሕይወት አየሁት ያለኝ የለም፤ ሞቷል ያለኝም የለም። አላገኘሁትም። ልግባ አላልኩም፤ ይህን ሰምተሽ እንድታርፊ ነው የመጣሁት።»

እሷ እሱን አላየችም። በትከሻው በላይ መንገዱን ወዲያ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየች። ማንም አልነበረም። እንደገና አየች።

ዐይናቸው የደከመ አባቷ ከውስጥ ተጣሩ። «የመጣ አለ ልጄ? ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው አባባ» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «ሞላ ነው። ብቻውን ነው።»

ሞላ ምርኩዙን አዙሮ ሊመለስ ሲል እጅጌውን ያዘችው። ከጫንቃው ላይ የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ ተቀበለችው፤ ከባድ አልነበረም። ከዚያ ከበሩ ገለል አለችለት።

«ግባ» አለችው። «አሁን ሁለት ሆነን እንጠብቀው።»