ከአዲሱ መስታወት ላይ የጠረግሁት መስመር

ሰው ጅን አየሁ ብሎ ወሬ ሲጀምር ሰበብ ፈልጌ ከመሃል የምነሳ ሰው ነኝ፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሚሆንብኝ ነው፣ ደግሞም ሥራዬ ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላምን አድርጎኛል። መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከወንድሜ ከያሲን ጋር ስልክ እንጠግናለን። ስንቱ ሰው መሰላችሁ "ስልኬ ጅን ገብቶበታል" እያለ የሚመጣው! ማንም ሳይነካው ራሱ ይደውላል፣ ራሱ ይጽፋል፣ አንዷ ሴትዮማ "የፈታሁት ባሌ ጋ እየደወለ አዋረደኝ" ብላ ስልኩን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሻሹን ደግሞ በፌስታል ቋጥራ ነበር ያመጣችው። እኔ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብዬ አያለሁ፣ ወይ ተሰንጥቆ እርጥበት ገብቶበታል፣ ወይ ቻርጀሩ የማይረባ ነው፣ እቀይረዋለሁ፣ ጅኑም ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ ልማዴ ነው። ይህንን ልማዴን አሁን እንደ ድሮው እንደማልወደው ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ሱቃችን በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ናት፣ ከፊት ያሲን ደንበኛ ያነጋግራል፣ ከኋላ እኔ እሠራለሁ። እንዲህ የሆነው በእኔ ልመና ነው፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ አንደበቴ ይተሳሰራል፣ ፊቴ ይቀላል፣ የምለው ይጠፋኛል። ያሲን ይህንንም መቀለጃ አድርጎታል፣ "ሐኪሟ ውስጥ ናት፣ በሽተኛውን ስጡኝና አስታማሚዎች ውጭ ጠብቁ" ይላቸዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ልምጣ ልቅር ሲል፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጢማቸው ግማሽ የሸበተ አባት ገቡ። በመጋረጃው ክፍተት አያቸዋለሁ።

"አሰላሙ ዓለይኩም።"

"ወዓለይኩም ሰላም አባት፣ ይግቡ፣ ዝናቡ ሳይዝዎ" አለ ያሲን።

ሙሄ እባላለሁ አሉት፣ የመጡት ግራና ከምትባለው የጎረቤት ከተማ ነው። ከደረት ኪሳቸው ስልክ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ያሲን ተቀብሎ አበራው፣ ጣቱን ወዲህ ወዲያ አደረገ።

"አይ፣ የዚህስ ታቹ ሞቷል።"

"ታቹ ብቻ ነው? ላዩስ ደህና ነው?" አሉ ሰውዬው ጎንበስ ብለው እያዩ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ አፌን በእጄ ያዝኩ። ጠጋኞች ታች የምንለው የጣትን ንክኪ የሚቀበለውን የስክሪኑን ክፍል ነው፣ ጋሽ ሙሄ ደግሞ የስልኩ የታችኛው ወገን የተባለ መስሏቸዋል። የሚገርመው ትክክል ነበሩ፣ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ቢሰነጠቅም ጣት አልሰማ ያለው ከታች በኩል ብቻ ነበር። ያሲን ሳቁን እንደ ምንም አፍኖ "የማን ነው ስልኩ አባት?" አላቸው።

"የልጄ ነው፣ የሐዋ። ክረምት ላይ አላህ ወሰዳት።"

ያሲን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለና፣ "ሞቷል ያልኩት እኮ… እንዲያው የሥራ አነጋገራችን ነው፣ አፉ ይበሉኝ" ሲል ድምፁ ልክ እንደ እኔ ተሳሰረ።

"ምን አጠፋህ ልጄ፣ የሞተ ሞቷል ነው የሚባል።"

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩት። ሐዋ መንዙማ ትል ነበር፣ ከሥራ ስትመለስ ግቢያቸው ካለው ፓፓያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ፣ ሰው ሲያያት ስለምታፍር ብቻዋን ለስልኩ ትለዋለች፣ ይቀዳላታል። (እዚህ ላይ ሳላስበው ወደ መጋረጃው ተጠጋሁ፣ እንደ እኔ የምታፍር ልጅ ናት ማለት ነው።) በሕመሟ ጊዜ ስልኩ ከእጇ ወድቆ ተሰነጠቀ።

"ፎቶዋማ አለ፣ ግድግዳ ላይ ነው። እናቷ ግን 'ድምጧ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው' እያለች ታለቅሳለች። ጧት ስትነሳ 'እንዴት ነበር እማ የምትለኝ?' ትለኛለች። እኔ በምን አፌ ላሰማት? እዚህ ውስጥ አለ ድምጧ፣ እሱን አውጡልኝ።"

"መክፈቻውን ያውቁታል? በጣቷ የምታሰምረውን መስመር?"

"እሷ ነበረቻ የምታውቀው። ታናሽ እህቷ ስትሞክር ስትሞክር አሁን 'ቆዩ' ይላል ብላ ተወችው።"

"እንግዲህ መስታወቱን እንቀይረዋለን፣ ይሠራል። መስመሩን ካላገኘነው ግን አይከፈትም፣ በግድ ልክፈት ቢሉ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ነው የሚጠፋው። አልዋሽዎትም አባት።"

"ግድ የለም፣ ብቻ መስታወቱ ይሥራልኝ፣ ከዚያ የአላህ ነው" አሉና በር አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ስልኩ በመጋረጃው ሥር ተሻግሮ እጄ ገባ። ወደ አምፖሉ አዘነበልኩት። መስታወት ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው፣ ጣት ሲመላለስበት እያለቀ ይደበዝዛል፣ የዚህ ስልክ መስታወትም የመክፈቻው ነጥቦች በሚመጡበት ቦታ ላይ ደብዝዞ ነበር። አየሁት፣ እመኑኝ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ "ውይ፣ እንዴት አልቋል" ብዬ አለፍኩት። አሙቄ አላቀቅሁት፣ እንደዚያ የተሰነጠቀ ነገር ሙሉውን አይነሳም፣ እንደ ጨው እየተፈረፈረ ነው የወጣው፣ ሰው እንዳይቆርጥ ብዬ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጌ የቆሻሻ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩ። አዲሱን ገጠምኩ፣ ላስቲኩን ላጥኩ፣ በአልኮል አጸዳሁት። በራ። ነጥቦቹ ተደርድረው መክፈቻ ጠየቁኝ።

ያኔ ነው የገባኝ።

ያ የደበዘዘው ቦታ እኮ መስመሩ ራሱ ነበር! ልጅቷ ስልኳን በከፈተች ቁጥር በዚያው መንገድ እየሄደች ጣቷ የበላው መስመር ነበር፣ ትንሽ ብታገሥ፣ ከመንቀሌ በፊት ወደ ጎን አዘንብዬ በወጉ ባየው፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይነበብ ነበር። ቆርቆሮውን ገለበጥኩ፣ ፍርፋሪውን ጠረጴዛው ላይ በተንኩት፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ማን ይለየዋል፣ ዱቄት ነው።

"ፋጤ፣ ዐሱር ሰግደን መጣን፣ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ" አለ ያሲን ከውጭ። የጋሽ ሙሄ ኮቴ ተከተለው። ብቻዬን ቀረሁ፣ ሲመለሱ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ።

ዝናቡ ጀመረ፣ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ በደንብ ወረደ። በዚህ መሃል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጥፍር መስታወት ሲነካ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ ከዝናቡ ጋር የማይሄድ። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ቀና አልኩ፣ ደረቅ ነው። ጠረጴዛውን በመዳፌ ዳበስኩ፣ እሱም ደረቅ ነው። ቀጭ። ስልኩ በራና ጠፋ። ገመዱን በደንብ አልገጠምኩትም ማለት ነው አልኩና የጀርባው ክዳን ገና ስላልተዘጋ ባትሪውን ነቅዬ ለብቻው አስቀመጥኩት፣ ስልኩን ደግሞ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጌ አጋድሜ ተውኩት። እንግዲህ ባትሪው የተነቀለ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መስታወትና ብረት ነው፣ ከዚያ ሌላ ምንም አይደለም።

ቀጭ።

ጥቁሩ መስታወት ላይ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ጉም ታየች። በብርድ ቀን መስኮት ላይ ሲተነፍሱበት እንደሚሆነው ያለች፣ የጣት ጫፍ የምታህል። ከዚያ ተንቀሳቀሰች። ወላሂ ተንቀሳቀሰች፣ መስመር እየሆነች ወደ መሃል ወረደች፣ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ቆመች። እኔስ ምን እያደረግኩ ነበር ብትሉኝ፣ ምክንያት እየፈለግኩ ነበር። ሙጫው ሲቀዘቅዝ እንፋሎት አውጥቶ ይሆናል፣ አይ ሙጫው ከውስጥ ነው፣ እንግዲያው አልኮሉ በደንብ አልደረቀም፣ አልኮል ደግሞ እንዲህ በመስመር አይደርቅም፣ ታዲያ ዝናቡ ያመጣው ቅዝቃዜ ይሆን፣ እያልኩ በሐሳቤ ስንከራተት መስመሩ ከቆመበት ተነስቶ ቀጠለ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ፣ አለቀ። ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር፣ ልቤ ግን አልነበረም።

ከዚያ እጄ ቀደመኝ። መስታወት ላይ የጣት አሻራ እያየሁ ለደንበኛ መስጠት አልችልም፣ ከልምድ ብዛት እጄ ራሱ ያውቀዋል፣ ጨርቁም በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ። ንጹሕ ሆነ።

ጨርቁን መስታወቱ ላይ እንደጫንኩ ደርቄ ቀረሁ። ቀስ ብዬ አነሳሁት፣ ምንም የለም፣ የራሴ ፊት ብቻ። ትንፋሼን እፍ አልኩበት፣ ወደ ብርሃን አዞርኩት፣ ምንም። የማላውቀውን ሰው ቀና ብዬ የማላናግረው እኔ፣ ማንም በሌለበት ሱቅ ውስጥ "ሐዋ" አልኩ። ቀጥዬም "ሐዋዬ፣ እባክሽ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ፣ አሁን አያለሁ፣ ምንም አልነካም" አልኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ያ ድምፅ ግን ተመልሶ አልመጣም።

ባትሪውን መልሼ ሰካሁና የማስታውሰውን ያህል በጣቴ ሞከርኩ፣ ከላይ ከቀኝ፣ ወደ መሃል፣ ከዚያስ? ወደ ግራ ነበር መሰለኝ፣ አይ ወደ ታች። ስህተት ነው አለኝ። ሌላም ሞከርኩ። ቆዩ አለኝ።

ሰግደው ሲመለሱ ጋሽ ሙሄ መጋረጃውን ራሳቸው ገለጥ አደረጉት፣ በዚያ መጋረጃ ደንበኛ አልፎ አያውቅም።

"ልጄ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ አመድ መሰለ?"

መደበቅ አልቻልኩም። ስለ አሮጌው መስታወት ነገርኳቸው፣ ቀጥዬም ስለ መስመሩ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ጨርቁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። ያሲን "ፋጤ፣ አሞሻል እንዴ? ስንቱን ጅን ያስወጣሽው ልጅ ዛሬ አንቺው ትጀምሪ?" አለ፣ ሊያስቀኝ ነበር፣ ጋሽ ሙሄን ሲያይ ግን ተወው።

እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡም፣ እውነት ነው ወይ እንኳ አላሉኝም። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው አዲሱን መስታወት ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ስታሰምረው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እህ?"

"በመጨረሻ ማንኪያ እንኳ መያዝ አቅቷት ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር ወይ እጇ?"

ያሲን ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሙሄም ይጠብቃሉ፣ የምመልሰውን በጆሯቸው ሳይሆን በፊታቸው ሁሉ ነበር የሚጠብቁት።

"አይ አባት፣ አልተንቀጠቀጠም" አልኳቸው፣ "ቀጥ ያለ ነበር። የጤነኛ እጅ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ደጋግመው አሉት። "ድምጧን ባልወስድላትም ለእናቷ ይህን እወስድላታለሁ" ብለው ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ ሳይጠብቁ ወጡ። ስልኩ እስከ ዛሬ አልተከፈተም፣ ያሲን ግራና ለሥራ በሄደ ቁጥር እየጠየቀ ይነግረኛል። እናትየው መስታወቱን ማንም እንዳይነካው ብለዋል አሉ።

ያሲን ድካም ነው ይለኛል፣ በዚያ ላይ የአሮጌው መስታወት ጸጸት ዓይኔን አታሎት እንደሆነ ይነግረኛል፣ እኔም ሰው ቢነግረኝ እንደዚያው ነበር የምለው። ልከራከረው አልፈልግም። እኔን የሚያስጨንቀኝ በደንብ ያላየሁትን ነገር ለአባቷ መመስከሬ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን የተንቀጠቀጠ አላውቅም፣ ምክንያት ስፈልግ አመለጠኝ። የማውቀው መሃል ላይ መቆሙን ነው፣ ይህንንም ስነግራቸው ዘልዬዋለሁ፣ እንደደከማት ይሰማቸዋል ብዬ። አሁን ሥራ ላይ ሆኜ፣ መንገድ ስሄድ፣ ልተኛ ስል ያ የቆመበት ቦታ ይመጣብኛል፣ ለረጅም ጊዜ ነው የቆመው፣ ከድካም ይልቅ ሌላ ነገር ይመስለኝ ጀምሯል፣ ቀና ብላ እያየኋት መሆኔን ለማወቅ ስትጠብቅ የነበረ ይመስለኛል።