ከጋሪፋሊያ ቤት ሥር

ጋሪፋሊያ የቤቷን መሠረት ማስቆፈር በጀመረች ማግስት የጥንታዊቷ የግሪክ ከተማ የአርጎስ መሬት እንደ ልማዱ ጉድ አወጣ። ኤክስካቫተሩ የተጠረበ ድንጋይ ነካና ቆመ።

«ማንም ሳያይ ኮንክሪት ሙይበት» ሲሉ ጎረቤቶቿ መከሯት። ጡረታ የወጡት የታሪክ አስተማሪ አባቷ አናርጊሮስ ግን «የአባቶቻችን ቤተ መቅደስ ነው!» እያሉ፣ እንባ በእንባ ሆነው ለቅርስ ጥበቃ ደወሉ።

በነጋታው ስትራቶስ የሚባል ፀሐይ ያከሰለው ወጣት አርኪዮሎጂስት መጣ።

«ሥራው ለጊዜው ቆሟል» አላት።

«እስከ መቼ?»

«ብነግርዎት ይናደዳሉ።»

«አሁንስ የሳቅኩ መሰለህ?»

ወራት አለፉ። ጋሪፋሊያ ማታ ማታ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ መነጫነጭ፣ እሱም ከታች ሆኖ መመለስ ልማዳቸው ሆነ።

«በዚህ አያያዝህ እኔም ቅርስ ሆኜ ነው የምገባበት!»

«ያኔ አንቺንም ቀስ ብዬ ነው የማወጣሽ።»

አንቺ ብሏት አያውቅም ነበር።  እሱ ብሩሹን ይዞ ምን ይጠርግ እንደነበር ጠፋበት፤ እሷም ለመናደድ ብትሞክር አልመጣልሽ አላት። እቤቷ ስትደርስ ግን በራሷ ተናደደች።

ከአፈሩ የወጣው የሚጠበቀው አልነበረም። ቱርክ አገሩን በገዛበት ዘመን የተሠራ ተራ ወጥ ቤት ነው፤ ምድጃና የተሰበረ ድስት። አናርጊሮስ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ይህን ቆሻሻ ጠርገህ ወደኛዎቹ ጥንታውያን ውረድ!»

«እነዚህም የኛው ናቸው፣ ጋሼ።»

«አንተማ ምን ታደርግ! አያቶችህ ከሰምርኔስ ተሰደው የመጡ… የቱርክ ዘር!»

የስትራቶስ አያት፣ ግሪካዊት ሆና ሳለ፣ ከቱርክ ምድር ተሰዳ ከመርከብ ስትወርድ የተቀበላት ይኸው ቃል ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ብሩሹን አስቀምጦ ሄደ።

«አባዬ፣ ለሺህ ዓመት ሙታን ታለቅሳለህ፤ በቁም ያለውን ሰው ትሰድባለህ!» ብላ ጋሪፋሊያ ስትራቶስን ተከተለችው። መንገድ ላይ ደረሰችበት።

«ለኔ ሲሆን ምላስህ አንድ ክንድ ነው፤ ዛሬ ምን ዘጋህ?»

«አባትሽ ናቸው።»

«ቢሆንስ?»

«ልጅዎን ስጡኝ ልላቸው ያሰብኩ ሰው እንዴት አድርጌ ልመልስላቸው?»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«አንቺን እንድጠይቅ ጭቅጭቅሽ መቼ ፋታ ሰጠኝ?»

ጋሪፋሊያ ክንዱን ይዛ ወደ ሥራው መለሰችው። 

ወጥ ቤቱ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጥጉ ላይ ወደ ታች ተቆፈረ። ከሥሩ የወንዝ ጠጠር ብቻ ወጣ። ቤተ መቅደስ የለም። አናርጊሮስ ባዶውን ጠጠር ሲያዩ ዋሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሁሉ ከእግራቸው ሥር የከዳቸው መሰላቸው። በመጨረሻ መሰላሉን ይዘው ወረዱ።

«ድስቱ ውስጥ ምን ነበር?» አሉ፣ ስትራቶስን ቀና ብለው ሳያዩት።

«ሽምብራ። አሮ ነው የተገኘው።»



«እናቴም ከጎረቤት ወሬ ስትይዝ ሽምብራዋን ታሳርር ነበር» አሉ። ከዚያም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ያን ቀን ያልኩህ ነገር… ከአስተማሪ አፍ መውጣት አልነበረበትም። ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት።

ስትራቶስ ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸው።

ወጥ ቤቱ በአሸዋ ተሸፍኖ ቤት እንዲሠራበት ተፈቀደ። ዜናውን ለጋሪፋሊያ የነገራት ራሱ ስትራቶስ ነበር፤ ሰኞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሌላ ቁፋሮ እንደሚሄድም አያይዞ ነገራት።

«ስንት ጊዜ ሂድልኝ አልኩህ! አልሰማህም። አሁን ማን ሂድ አለህ?» ጮኸች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«ሥራ ነው፣ ጋሪፋሊያ።»

«አንተን ከጠበቅኩማ ማርጀቴ ነው! ታገባኛለህ ወይስ አታገባኝም?»

እጁን በሱሪው ጠርጎ እጇን ያዘ። «አገባሻለሁ» አለ። እሷም ለአንድ አፍታ አልተቆጣችውም።

ሰኞ ሄደ፤ ቅዳሜ ተመለሰ፤ የብርዱን ወራት እንዲሁ ሲመላለስ ከርሞ ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ቤቱ ዛሬ ቆሟል። ባልና ሚስቱ እስካሁን ይነታረካሉ፤ ድምፃቸው የጠፋ ቀን ጎረቤት «ምን ሆኑ?» ብሎ በር ያንኳኳል።