ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ቅድ

ሥራ ሞልቶ ተርፎ ሠራተኛው ግን ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጋሼ መቀስ ልብስ ስፌት ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ስሙን ያወጣላቸው መንደሩ ነው፤ እሳቸው የቆረጡት ሱሪ ከለባሹ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላልና።

ጋሼ መቀስ አንድ አመል ነበራቸው። ጨርቅ የሚቆርጡት ጥግ ላይ ባለ ወፍራም መጋረጃ ጀርባ ነው። እዚያ ማንም ዝር አይልም፣ የገዛ እህታቸው ልጅ እንኳ። «ሙያ በልብ ነው!» ይላሉ። የሚፈሩት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ቅዱን፣ ማለት የጨርቁን አቆራረጥ፣ አይቶ ሄዶ ቢነግረውስ?

ስለዚህ አራቱ ሰፊዎች በየስፌት መኪናቸው ፊት ቁጭ ብለው መጋረጃው እስኪገለጥ ይጠብቃሉ። አንዷ ጥፍሯን ትሞርዳለች፣ አንዱ የቀዘቀዘ ሻዩን ያማስላል፣ ሌላው ክንዱን ተንተርሶ ያንኮራፋል። ከሁሉም እጀ ፈጣኗ የእህታቸው ልጅ ደግሞ የተሰፋውን ፈትታ መልሳ ትሰፋለች፤ ምን ታድርግ?

አንድ ቀን ትልቅ ሲሳይ መጣ። በሰፈሩ አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና የተማሪዎቹን ዩኒፎርም በሙሉ እንዲሰፉ ታዘዙ። ለመክፈቻው ቀን ካደረሱ ሥራው በየዓመቱ የእሳቸው ነው፤ ካላደረሱ ግን ለማዶው ልብስ ሰፊ ይሰጣል። ጋሼ መቀስ በደስታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ወዲያው ሁለት መኪና ጨመሩ፣ ሁለት ሰፊ ቀጠሩ፣ ሁሉም ማልዶ እንዲገባ አዘዙ። ምን ተገኘ? ቀድሞ አራት ሰው ይጠብቃቸው ነበር፤ አሁን ስድስት ሰው ይጠብቃቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ ያሳዩኝና እኔም ልቁረጥ» አለች የእህታቸው ልጅ።

«አንቺ ስፊ! ዛሬ ለአንቺ ያሳየሁት ነገ ማዶ ይገኛል።»

«እኔን ማዶ ምን ወሰደኝ? መኪናው በዛ እንጂ የሚሰፋ ነገር እኮ የለም። የጨመሩልን መጠበቅ ብቻ ነው!»

«ምላስሽ ከመርፌሽ ይሾላል» አሉና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው መጋረጃቸውን ሳቡ።

መክፈቻው ሲቃረብ የእጃቸው አንጓ አበጠ። ጥቅል ጨርቁ ግን እንደተቆለለ ነው። እንደማይደርሱ ገባቸው። ሁሉን ከማጣት ግማሹን ማካፈል ይሻላል ብለው፣ እንደ ምንም ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው መንገዱን ተሻገሩ።

ማዶ ቤት መጋረጃ የለም። ባለቤቱና ሠራተኞቹ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ከበው እየተሳሳቁ ይቆርጣሉ። ጋሼ መቀስ ጨርቁን ጠጋ ብለው ቢያዩት ደማቸው ፈላ። የኮሌታው አዟዟር፣ ጉልበቱ ላይ የሚተወው ትርፍ ጨርቅ፣ ሁሉም የእሳቸው ነው!

«ይሄ የእኔ ቅድ ነው! ከሠራተኞቼ ማንኛው ነው የነገረህ?»

ማዶው ጠረጴዛውን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ነጋሪ ምን ያደርግልኛል? ድሮ አንድ ሱሪህንና አንድ ሸሚዝህን ገዛሁና ስፌቱን ፈትቼ ዘረጋሁት፤ አለቀ። በአንተ ሙያ ነው ቤት ያቆምኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው?»

«ከአንተ ሠራተኞች በቀር!»

ጋሼ መቀስ መጀመሪያ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሥራ ላካፍልህ ቢሉትም ማዶው «እኔም ሞልቶኛል፤ ይልቅ የእህትህን ልጅ አስተምራት» ብሎ ሸኛቸው።

ተመልሰው መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቀሉት። «ኑ! ሁላችሁም ኑ!» በጠመኔ እንዴት እንደሚሰመር፣ መቀሱ የት ላይ እንደሚዞር አንድም ሳይደብቁ አሳዩ። የእህታቸው ልጅ ወዲያው ገባት፤ እንዲያውም ለአንድ ልክ የሚሆነውን ጨርቅ ደራርባ በመርፌ ቁልፍ ያዘችና ባንዴ ልትቆርጠው ተነሣች።

«ኧረ ይበላሻል!» አሉ ጋሼ መቀስ።

አልተበላሸም። «ይሄን እኔ ለምን አላሰብኩትም?» አሉ ተገርመው።

«ብቻዎን ስለነበሩ ነዋ፣ ጋሼ!»

ያን ጊዜ ስድስቱም መኪኖች ባንድ ላይ ማንጎራጎር ጀመሩ። ሥራው ከቀኑ ቀድሞ አለቀ፤ ሰዎቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተቃለዱ ወደየቤታቸው ገቡ። ወገኖቼ፣ የአንድ ቤትም ሆነ የአንድ አገር እድገት እንዲህ ነው። መኪና ይገዛል፣ ሰዓት ይጨመራል፣ ሰው ይቀጠራል፤ ሙያው አንድ ሰው ጋ ከተቆለፈ ግን የተገዛው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚያውቅ ያሳይ፣ የተማረም ያሻሽል።

በመክፈቻው ጠዋት ጋሼ መቀስ ከእህታቸው ልጅ ጋር ደጃፍ ላይ ቆሙ። ልጆቹ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው እየተጯጯሁ በፊታቸው ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቆረጡት የትኛውን ነው?» አለቻቸው፣ ሳቋን አፍና።

አንዱን ኮሌታ አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ዓይናቸውን አጥበው ጉልበት ጉልበቱን አዩ። ከእሷ እጅ የእሳቸውን መለየት አቃታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት ይህን ቀን ነበር፤ ሲመጣ ግን ደረታቸው በደስታ ሞላ።

«አላወቅሁትም!» ብለው ጮኹ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው። «አንዱንም አላወቅሁትም!»