ከክትባት ጋር ያደረው ብልቃጥ

ሰብሌ የተገኘችው ከብልባላ በላይ ባለው የመስኖ ገብስ መካከል ነው፤ ማጅራቷን በድንጋይ ተመትታ። በጋው አገሩን አንድዶት፣ በአጥር ከተከለለችው ከዚያች የምርምር እርሻ በቀር በአካባቢው አረንጓዴ የሚባል ቅጠል አልነበረም። አስከሬኗን አይተው ጮኸው ሰው የጠሩት ዘበኛው ጋሼ ቢተው ናቸው። የታሰሩትም እሳቸው! ኢንስፔክተር አገሬን ያንገበገባት ይኸው ነው።

«የአጥሩ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው» አለ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ምሥጋናው።

«እርስዎስ የለዎትም?»

«አለኝ። ግን እርሻው ውስጥ ከገባሁ ሰንብቻለሁ።»

አገሬ ጉልበቱን አየች። «ሱሪዎ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገርስ?»

«የበር ቀለም ነዋ! በሩ አዲስ እንደተቀባ አላዩም?»

በሩ እውነትም አረንጓዴ ነበር። አገሬ ጥርሷን ነክሳ ሱሪውን በማስረጃነት ተረከበችና ወደ ቤተ ሙከራው ገባች። የሰብሌ የሥራ ባልደረባ ሔለን ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ቀለምና ቅጠል መለየት ትችያለሽ?»

«በአንቲቦዲ እችል ነበር። ቅጠል ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጥበት ፕሮቲን አለው፤ አንቲቦዲው እሱን ፈልጎ ይይዛል። ቀለምን ዞር ብሎም አያየው። ግን ምን ያደርጋል! ማቀዝቀዣው ተነቅሎ አንቲቦዲው ተበላሸ።»

«ማን ነቀለው?»

«ዶክተር ‹መብራት ሄዶ ነው› አሉን። ሰብሌ ግን አላመነችም። እሳቸው ‹ያዳቀልኩት ገብስ ድርቅ ይችላል› ብለው አስወርተዋል፤ በእሷ ምርመራ ግን ውሃ ሲያጣ ያ ፕሮቲን ድራሹ ይጠፋል።»

«አንቲቦዲው ሁሉ የተቀመጠው እዚያው ነበር?»

ሔለን ብድግ አለች። «ኧረ በስመ አብ! ደጋግሞ ከቀለጠ ስለሚበላሽ፣ እንደመጣ ነው የምንከፋፍለው። የሰብሌ ድርሻ በብልቃጥ ሆኖ ጤና ጣቢያ፣ ከሕፃናት ክትባት ጋር አለ!»

በማግስቱ አገሬ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ቢተውን ከነካቴናቸው። ሔለን ሦስት ነጠብጣብ ያረፈበት ነጭ ስስ ወረቀት ዘረጋች።

«አንደኛው የገብስ ቅጠል ነው፤ አንቲቦዲው ስለያዘው ጠቁሯል» አለች አገሬ። «ሁለተኛው ከበሩ የተፋቀ ቀለም፤ ምንም አላሳየም። ሦስተኛው የዶክተሩ ሱሪ ነው። እዩት፣ ጠቁሯል!»

«ያ አንቲቦዲ እኮ ተበላሽቷል!» አለ ምሥጋናው።

«ተበላሽቶ ቢሆን ቅጠሉን ያውቀው ነበር? ያበላሸኸው የማቀዝቀዣውን ነው፤ ሰብሌ ድርሻዋን አሽሽታብሃለች።» አንቱታው እዚህ ላይ አከተመ። «በዚህ በጋ እርጥብ ቅጠል ያለው እርሻው ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፍ ያላችሁ ሁለታችሁ። ጋሼ ቢተው መግባታቸውን ጮኸው ተናገሩ፤ አንተ ደበቅህ። ገብስህን እንዳታጋልጥብህም የፈራኸው አንተ ነህ!»

«ስሜን ልታጠፋው ነበር!» አለ ምሥጋናው።

«ለስምህ! ለስምህ ብለህ ሰው!» አገሬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታች። «አውጡልኝ ከፊቴ!»

ካቴናው ከቢተው ወልቆ ምሥጋናው እጅ ገባ። ሽማግሌው ግን ደስታ አልታየባቸውም።

«የገብሱ ዘርስ?» አሉ።

«መጋዘኑ ይታሸጋል፣ ጋሼ።»

«ምኑ ይታሸጋል፣ ልጄ! ለገበሬው ታድሎ የለም እንዴ! ሰዉ ያለውን ዘር አሟጦ በልቶ፣ በልግ ሲጥል ይኼን ሊዘራ እየጠበቀ ነው።»

አገሬ ደሟ እንደገና ፈላ። መኪና እንዲዘጋጅ አዘዘች። «ዘሩ ድርቅ እንደማይችል ማን ይንገራቸው? ፖሊስ ቢነግራቸው ያምናሉ?»

ቢተው የካቴናውን ሰንበር እያሻሹ ተነሡ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «ሰብሌ የሞተችው ይኼንኑ ልትነግራቸው ስትል ነው።»